ካርዱ በእጅ ነው፤ ኢንሹራንሱስ?

ደዋዩ የስኳር ሕመም እንዳለበት ሳይደብቅ ተናገረ። የሚፈልገውም ይህንኑ ሕመሙን የሚሸፍንለት የጤና ኢንሹራንስ ነው። ሻጩ አላቅማማም፤ «ይሸፍናል» አለው። ዋጋው ተነገረ፣ ቅጹ ተሞላ፣ ሽያጩ አለቀ። ወረቀቱ መጥቶ አንድ በአንድ ሲነበብ ግን የተሸጠው ነገር ከግዢው በፊት የነበረን ሕመም የማይሸፍን ሆኖ ተገኘ።

ደግነቱ ደዋዩ ሕመምተኛ አልነበረም። የአሜሪካ ምክር ቤት የመንግሥትን ሥራ የሚያስመረምርበት መሥሪያ ቤት፣ በአጭር ስሙ ጂኤኦ፣ ማንነታቸውን ደብቀው እንዲደውሉ ካሰማራቸው መርማሪዎች አንዱ ነው። መርማሪዎቹ የስኳር ወይም የልብ ሕመም አለብን እያሉ ለ31 ሻጮች ደወሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር በኦገስት 2020 የወጣው ሪፖርት እንደሚለው፣ ከ31ዱ ሻጮች 8ቱ ገዢን ሊያሳስት የሚችል ነገር ተናግረዋል ወይም አድርገዋል። የማይሸፈነውን ይሸፈናል ያሉ ነበሩ። ደዋዩ «አለብኝ» ያለውን ሕመም ቅጹ ላይ «የለበትም» ብሎ የሞላም ተገኝቷል። ብዙዎቹ ሻጮች ደዋዩን ወደ ትክክለኛው ኢንሹራንስ መርተውታል፤ ይህ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ቢሆንም ከአራት ሻጭ አንዱ ገደማ እንዲህ ከሆነ፣ እውነተኛ የስኳር ሕመምተኛ ስልኩን ሲያነሳ ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያዳግትም። እሱ እውነቱን የሚያውቀው በመርማሪ ሪፖርት ሳይሆን ኢንሱሊኑን ሊያወጣ ፋርማሲ ሄዶ ካርዱ ሲመለስበት ነው።

የጤና ኢንሹራንስ ከሌላው ግዢ ሁሉ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የማይሠራ ስልክ የገዛ ሰው ቤቱ ሳይደርስ ያውቀዋል። የማይረባ ጫማ በወሩ ይከፈታል። ኢንሹራንስ ግን ሳይታይ ይገዛል፣ ሳይታይ ይከፈልበታል። ገዢው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ እውነተኛውም ሐሰተኛውም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ካርድ ይልካሉ፣ ሁለቱም በየወሩ ከባንክ ይቆርጣሉ። የሚለዩት ሆድ ቆርጦ ድንገተኛ ክፍል የተገባ ሌሊት ነው።

በእድር ያደገ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። የእድሩ ዳኛ ጎረቤት ነው። ገንዘብ ያዡ ይታወቃል። ድንኳኑና ወንበሩ የት እንዳለ ይታወቃል። ባለፈው ወር ሐዘን የደረሰበት ቤት ምን እንደተደረገለት ሁሉም በዓይኑ አይቷል። በስልክ የሚሸጥ ኢንሹራንስ ከእነዚህ ማረጋገጫዎች አንዱም የለውም፤ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ገዢው በታመመ ቀን ይደርስበት የነበረውን እውነት በሚገዛበት ቀን ፈልጎ ማግኘት አለበት። ይህ ደግሞ ከሚመስለው በላይ ይቻላል፤ ምክንያቱም አሜሪካ ውስጥ «ሙሉ» የሚባለው ኢንሹራንስ ምን ምን ማሟላት እንዳለበት ሕግ ወስኖታል።

ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በማርች 2010 የፈረሙት፣ ሰው ሁሉ ኦባማኬር የሚለው ሕግ፣ ለግለሰብና ለቤተሰብ የሚሸጥ ሙሉ ኢንሹራንስ አሥር ዓይነት አገልግሎቶችን እንዲሸፍን ያስገድዳል። ሆስፒታል መተኛት፣ ድንገተኛ ሕክምና፣ ወሊድ፣ በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት፣ የላቦራቶሪ ምርመራና የአእምሮ ሕክምና ከእነዚህ መካከል ናቸው። ኩባንያው ማንንም ታመሃል ብሎ መመለስ ወይም በሕመሙ ምክንያት ዋጋ መጨመር አይችልም። ለእነዚህ አገልግሎቶች በዓመት ይህን ያህል ብቻ እከፍላለሁ ብሎ ጣሪያ ማበጀትም ተከልክሏል። ጣሪያው የተበጀው ለታካሚው ነው፤ በ2025 አንድ ሰው በኔትወርኩ ውስጥ፣ ማለትም ኩባንያው በተዋዋላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች፣ ለተሸፈነ ሕክምና በዓመት ከኪሱ የሚያወጣው ቢበዛ 9,200 ዶላር ነበር። ከወርሃዊው መዋጮ ውጪ ከዚያ በላይ ያለው የኩባንያው ዕዳ ነው። ይህ ኢንሹራንስ ከመንግሥት የክፍያ ድጋፍ ጋር የሚገኘው ማርኬትፕሌስ በሚባለው የመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያ በኩል ነው፤ በብዙ ስቴቶች ሄልዝኬር ዶት ጎቭ፣ በሜሪላንድ ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን፣ በዋሽንግተን ዲሲ ዲሲ ሄልዝ ሊንክ፣ በሚኒሶታ ኤምኤንሹር ይባላል። ቨርጂኒያም ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የራሷን ከፍታለች።

ከዚህ ሕግ ውጪ የሚሸጡ ሌሎች ነገሮችም አሉ። በየቀኑ የተወሰነ ብር የሚከፍል፣ ለጥቂት ወራት ብቻ የሚቆይ፣ ቅናሽ ብቻ የሚያስገኝ፣ በሃይማኖት ማኅበር ስም የሚዋጣ። በራሳቸው ሕገ ወጥ አይደሉም። ሕግ የሚጣሰውም ሰው የሚጎዳውም «ሙሉ ኢንሹራንስ ነው» ተብለው ሲሸጡ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚደረግ በፍርድ ቤት መዝገብ በደንብ ተዘርዝሮ የሚገኘው በሲምፕል ሄልዝ ታሪክ ውስጥ ነው። ኩባንያው ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ከማያሚ በስተሰሜን ባለችው ሆሊውድ የምትባል ከተማ ነበር መቀመጫው። ርካሽ ኢንሹራንስ ፍለጋ ኢንተርኔት የገባ ሰው «ኦባማኬር» ወይም «ትራምፕኬር» የሚሉ ስሞች የተለጠፉባቸው ድረ ገጾች ላይ ይደርሳል። ስሙንና ስልኩን ይሞላል። ብዙ ሳይቆይ ስልኩ ይጠራል። ሻጩ ተጽፎ የተሰጠውን እያነበበ ያወራል፤ ኢንሹራንሱ ሐኪም የመምረጥ ነጻነት የሚሰጠው ፒፒኦ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ሐኪም ጋ መሄድንም ሆስፒታል መተኛትንም ይሸፍናል ይላል። ኩባንያው እንደ ብሉ ክሮስ ብሉ ሺልድና ኤኤአርፒ ካሉ ሰው ከሚያምናቸው ስሞች ጋር ግንኙነት ያለው ይመስል እንደነበርም ክሱ ያስረዳል።

ገዢዎቹ በወር እስከ 500 ዶላር ከፍለዋል። የተሰጣቸው ግን እጅግ ጥቂት ነገር የሚከፍል ውልና የቅናሽ ካርድ ነበር። የሸማቾችን ጉዳይ የሚከታተለው የፌደራል ንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍቲሲ፣ በኦክቶበር 2018 ክስ መሠረተ፤ ፍርድ ቤትም ሥራውን አስቆመው። ከአምስት ዓመት በላይ ሙግት በኋላ በፌብሩዋሪ 2024 በኩባንያውና በባለቤቱ ላይ የ195 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ ተሰጠ።

እንዲህ ያለ ካርድ በተግባር ምን እንደሚያደርግ በወረቀት ማስላት ይቻላል። ውሉ ሆስፒታል ለተኛ ሰው በቀን 100 ዶላር ይከፍላል እንበል። አንዲት ሴት ትርፍ አንጀቷ ተቆጥቶ ኦፕራሲዮን ተደርጋ ሁለት ሌሊት ተኛች። ካርዱ 200 ዶላር ይሰጣታል። የቀዶ ሕክምናው፣ የማደንዘዣው፣ የሲቲ ስካኑ፣ የአልጋው ቢል አሜሪካ ውስጥ ተደምሮ በአሥር ሺዎች ዶላር ሊቆጠር ይችላል፤ ቀሪው በሙሉ በስሟ ይመጣል። በወር 300 ዶላር እየከፈለች ሁለት ዓመት ቆይታ ከሆነ 7,200 ዶላር ከፍላ 200 ተመለሰላት ማለት ነው። ውሉ ግን አልዋሸም። ለቀን 100 ብሎ ጽፏል፤ 100 ከፍሏል። የዋሸው በስልክ ያወራት ሰው ነው።

እዚህ ላይ ከመግዛት በፊት ልብ ሊባል የሚገባ አንድ ነገር አለ። በስልክ ሽያጭ መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ «አሁን ለማረጋገጫ ድምፅ እንቀዳለን» ይባላል። በዚያ ቅጂ ውስጥ «ይህ ሙሉ የጤና ኢንሹራንስ እንዳልሆነ ተረድቻለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር በፍጥነት ተነቦ ሊያልፍ ይችላል። ሻጩ አስቀድሞ «ሁሉንም እሺ በል፣ ፎርማሊቲ ነው» ካለ ገዢው እሺ ይላል። በኋላ ሲያማርር ያ ቅጂ ይመለስበታል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ይህ ከባድ ወጥመድ ነው፤ በጥድፊያ የተነበበለትን የሕግ ቋንቋ በጆሮው ይዞ መመርመር ለእንግሊዝኛ ተናጋሪውም ይከብዳል። ሻጩ በቀስታ የነገረውና ቅጂው በጥድፊያ ያነበበው ከተለያዩ፣ የሚጸናው የቅጂው እንደሆነ ማወቅና በዚያው ቅጽበት ስልኩን መዝጋት ያስፈልጋል።

በሃይማኖት ማኅበር ስም የሚመጣው ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ልብ ቅርብ ነው። አባላት በየወሩ ያዋጣሉ፣ የታመመውን አባል ከመዋጮው ያሳክማሉ፤ ጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ ያማረ ነው። በእርግጥም በቅንነት የሚሠሩ አሉ። ነገር ግን ማኅበሮቹ በሕግ ኢንሹራንስ አይደሉም፤ ቢል ቢመጣ እንከፍላለን የሚል ግዴታ የለባቸውም፣ የስቴቱ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪም የመክፈል አቅማቸውን አይጠብቅም። ጆርጂያ ስቴት ውስጥ የነበረው አሊየራ የሚባል ኩባንያ ትሪኒቲ ሄልዝሼር ከሚባል ማኅበር ጋር ሆኖ እንዲህ ያለውን ነገር በየስቴቱ ሲሸጥ፣ የበርካታ ስቴቶች ተቆጣጣሪዎች ኢንሹራንስ እያስመሰለ ነው ብለው እንዲያቆም አዘዙት። በዲሴምበር 2021 ኩባንያው ኪሳራ አወጀ፤ ሳይከፈል የቀረው የሕክምና ቢል ለአባላቱ ቀረ።

ከ2023 ወዲህ ደግሞ ሌላ መልክ ያለው ማጭበርበር ተስፋፋ። በፌስቡክና በዩቲዩብ «መንግሥት 6,400 ዶላር በነጻ እየሰጠ ነው፤ ለቤት ኪራይ፣ ለአስቤዛ፣ ለነዳጅ ይሆናል» የሚሉ ማስታወቂያዎች ጎረፉ። የታዋቂ ሰዎችን መልክና ድምፅ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አስመስለው የሠሩም ነበሩባቸው። እንዲህ ያለ ገንዘብ የለም። ያለው የኢንሹራንስ መዋጮን የሚቀንስ የግብር ድጋፍ ሲሆን እሱም ለኢንሹራንስ ኩባንያው ይከፈላል እንጂ በሰው እጅ አይገባም። ገንዘቡን ፈልጎ የደወለ ሰው ግን ስሙን፣ የልደት ቀኑንና አድራሻውን ይሰጣል። አንዳንድ ወኪሎች በዚህች መረጃ ሰውዬው ሳያውቅ ኢንሹራንስ ያስገቡታል፤ ኢንሹራንስ ያለው ከሆነ ደግሞ ወደ ሌላ ይቀይሩትና ኮሚሽኑን ወደ ራሳቸው ያዞራሉ።

ይህ የጥቂት ሰው ችግር አይደለም። ማርኬትፕሌስንና በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠውን የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬርን የሚያስተዳድረው የፌደራል መሥሪያ ቤት፣ ሲኤምኤስ፣ ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት 2024 ባሉት ስምንት ወራት ብቻ 183,553 ሰዎች «ሳልፈቅድ ኢንሹራንስ አስገቡኝ»፣ 90,863 ሰዎች ደግሞ «ሳልፈቅድ ቀየሩብኝ» የሚል አቤቱታ እንደደረሰው አስታውቋል። በዚያው ዓመት 850 ወኪሎችን አግዷል። ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ አንድ የኢንሹራንስ ደላላና አንድ የማርኬቲንግ ኩባንያ ኃላፊ ቤት የሌላቸውንና ሥራ ያጡ ሰዎችን እያደኑ፣ ለአንዳንዶቹ ገንዘብ እያስጨበጡ፣ በሐሰት ገቢ ኢንሹራንስ አስገብተው ከ233 ሚሊዮን ዶላር በላይ የመንግሥት ድጋፍ ለማስወጣት ሞክረዋል ተብለው በ2025 ተከሰሱ፤ ጥፋተኛም ተባሉ።

«በነጻ ኢንሹራንስ ቢያስገቡኝ ምን ጎዳኝ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጉዳቱ በግብር ሰሞን ይመጣል። ወኪሉ የሰውየውን ገቢ አሳንሶ ከሞላ ድጋፉ ከሚገባው በላይ ይሆናል። ሰውየው በሥራ ቦታው ኢንሹራንስ ካለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድጋፉ ጭራሽ አይገባውም። ጃንዋሪ ላይ «1095-ኤ» የሚባል ቅጽ በፖስታ ይመጣል። ግብር የሚሠራው ሰው በዚያ ቅጽ መሠረት ሒሳቡን ያወራርዳል፤ ተርፎ የተሰጠው ድጋፍ ተመላሽ ይደረጋል። እስከ 2025 የግብር ዓመት ድረስ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው የሚመልሰው ገደብ ነበረው። ከ2026 ጀምሮ ገደቡ በሕግ ተነስቷል። ማርኬትፕሌስ ገብቶ የማያውቅ ሰው ይህ ቅጽ ከደረሰው ፖስታውን ከማስታወቂያ ጋር ጥሎ መተው ትልቅ ስሕተት ነው። ኢንሹራንሱ የተቀየረበት ሰውም ቢሆን መርዶውን የሚሰማው ሐኪሙ ጋ ሄዶ «ይህን ኢንሹራንስ አንቀበልም» ሲባል ነው፤ የጀመረው የኪሞ ሕክምና መሐል ላይ ሊሆን ይችላል።

የወላጆች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ዕድሜያቸው 65 የሞላ፣ በቂ ዘመን የሠሩ ወይም ሕጉ የሚጠይቀውን ያሟሉ ሰዎች ሜዲኬር ያገኛሉ። ካርዱ የወረቀት ነው፤ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ። ከ2018 ጀምሮ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ቀርቶ 11 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ታትሞበታል። ይህ መለያ ለሌባ ከክሬዲት ካርድ በላይ ዋጋ አለው፤ ክሬዲት ካርድ በአንድ ስልክ ይዘጋል፣ በሜዲኬር ቁጥር ግን ባለቤቱ ሳይሰማ ለወራት ቢል ሊላክበት ይችላል። በጁን 2025 የፍትሕ ሚኒስቴር በ324 ሰዎች ላይ ክስ መመሥረቱን ሲያስታውቅ፣ ከመዝገቦቹ ትልቁ «ጎልድ ራሽ» የተባለው ነበር። ድንበር ተሻግሮ የሚሠራው ቡድን ከአንድ ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያንን መረጃ ሰርቆ፣ በአብዛኛው ለሽንት ቱቦ ተብሎ፣ የ10.6 ቢሊዮን ዶላር ቢል ለሜዲኬር ማቅረቡ በክሱ ተጠቅሷል። ሽንት ቱቦ ያልታዘዘለት፣ ያላየ፣ ያልተላከለት ሰው በስሙ ተጠየቀበት።

ከዚያ በፊት በሴፕቴምበር 2019 ይፋ የሆነው የዘር ምርመራ መዝገብ 35 ሰዎችን ያስከሰሰና ከ2.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሐሰተኛ ቢል የተገኘበት ነው። ዘዴው ቀላል ነበር። አንድ ሰው አረጋውያን በሚሰበሰቡበት ቦታ ጠረጴዛ ይዘረጋል ወይም ይደውላል፤ «ካንሰር እንዳለብዎ በነጻ እንመርምርዎ» ብሎ ጉንጫቸውን በጥጥ ይጠርጋል፣ ካርዳቸውን ይገለብጣል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቢል ብቻ ነው፤ ውጤቱ ብዙ ጊዜ እጃቸው አይገባም ወይም ሐኪማቸው የሚጠቀምበት አይደለም።

አንዲት እናት «ሜዲኬር ነን፤ አዲሱን ባለ ቺፕ የፕላስቲክ ካርድ እንድንልክልዎ ቁጥርዎን ያንብቡልን» የሚል ስልክ ሲመጣላቸው ሰውየው ስማቸውን አክብሮ ስለጠራቸው ብቻ ሊያምኑት ይችላሉ። ሜዲኬር ሳይጠራ ደውሎ ቁጥር አይጠይቅም፤ አዲስ ካርድ ቢልክም አያስከፍልም። በስማቸው የተከፈለውን የሚዘረዝረው የሜዲኬር ማጠቃለያ ግን በየጊዜው በፖስታ ወይም በኢንተርኔት ይመጣል። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና እስኪፈላ ድረስ ያንን ፖስታ ከፍቶ «እማዬ፣ በማርች የወገብ መታጠቂያ ወስደሽ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ የስንት ሺህ ዶላር ሌብነት ይጋለጣል። የማያውቁት ነገር ከተገኘ በ1-800-633-4227 ለሜዲኬር፣ ወይም በዚህ ጉዳይ አረጋውያንን ለመርዳት ለተቋቋመው ሲኒየር ሜዲኬር ፓትሮል በ1-877-808-2468 መደወል ይቻላል።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ታክሲና ኡበር የሚነዱ፣ የራሳቸው ትንሽ ሱቅ ያላቸው ወይም ሰዓቱ በተቆራረጠ ሥራ ላይ ያሉ ናቸው። አሠሪ የሚሰጠው ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ራሱ መፈለግ አለበት፤ ፈላጊ ባለበት ደግሞ አጭበርባሪ አይጠፋም። በዚህ ላይ የሀገር ልጅ ሲሆን «የኛ ሰው ነው» ተብሎ ወረቀት ሳይጠየቅ መፈረም የተለመደ ነው። ማኅበረሰቡን በቅንነት የሚያገለግሉ አማርኛ ተናጋሪ ወኪሎች ብዙ ናቸው፤ ቅን ወኪል ግን ፈቃዱን ቢጠየቅ አይቀየምም። እያንዳንዱ ፈቃድ ያለው ወኪል በመላው አገሪቱ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ናሽናል ፕሮዲዩሰር ነምበር፣ አለው። ቁጥሩንና ስሙን ይዞ ለስቴቱ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ደውሎ ማጣራት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በሜሪላንድ ሜሪላንድ ኢንሹራንስ አድሚኒስትሬሽን፣ በቨርጂኒያ ቢሮ ኦፍ ኢንሹራንስ፣ በዲሲ ዲአይኤስቢ ይባላሉ።

ቋንቋም ሰበብ መሆን የለበትም። ማርኬትፕሌስም ሜዲኬርም በስልክ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባሉ፤ «አምሃሪክ ፕሊስ» ማለት ይበቃል። የዲሲ ከተማ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት ወረቀቶቿን ከምትተረጉምባቸው ስድስት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ናቪጌተር የሚባሉት ሠራተኞች ደግሞ ኢንሹራንስ በማስገባት ያግዛሉ፤ ከገዢው ገንዘብ አይጠይቁም፣ ከኢንሹራንስ ኩባንያ ኮሚሽንም አይወስዱም።

እንግዲህ ሻጩ ስልክ ላይ ሆኖ እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን ይለዩታል? ከሁሉ የሚሻለው መፈተኛ አንድ ወረቀት መጠየቅ ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ሁሉ ሳመሪ ኦፍ ቤኔፊትስ ኤንድ ከቨሬጅ የሚባል ማጠቃለያ እንዲሰጥ በሕግ ይገደዳል። ቅርጹ በሁሉም ኩባንያ አንድ ነው። ዲደክቲብሉ፣ ማለትም ኩባንያው መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው የሚከፍለው፣ ስንት እንደሆነ፣ ከኪስ የሚወጣው ጣሪያ ስንት እንደሆነ፣ ለሐኪም፣ ለድንገተኛ ክፍልና ለመድኃኒት ምን ያህል እንደሚከፈል በሰንጠረዥ ያስቀምጣል፤ መጨረሻ ላይ ልጅ ሲወለድና የስኳር ሕመም ሲታከም ወጪው ስንት እንደሚሆን በምሳሌ ያሳያል። «ከመክፈሌ በፊት ይህን ላክልኝ» ሲባል የሚያቅማማ፣ «መጀመሪያ ካልተመዘገብክ አይላክም» የሚል ሻጭ ጋር ወሬው እዚያው ማብቃት አለበት።

ወቅቱም ይናገራል። በአብዛኛው ስቴት የማርኬትፕሌስ ምዝገባ የሚከፈተው ኖቬምበር 1 ነው፤ መዝጊያው ከስቴት ስቴት ይለያያል። ከዚያ ውጪ የሚገባው ሥራውን ሲያጣ ኢንሹራንሱ የተቋረጠበት፣ ያገባ፣ የወለደ፣ ከአገር ውጪ የመጣና የመሳሰለ ለውጥ የገጠመው ሰው ነው፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬይድ ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ጁላይ ላይ ደውሎ ምንም ሳይጠይቅ «ሙሉ ኢንሹራንስ ዛሬውኑ ይጀምርልሃል» የሚል ሰው የሚሸጠው ሌላ ነገር መሆን አለበት። ስለ ጤና ጥያቄ የሚያበዛም እንዲሁ ነው፤ ሕጉ በሕመም መለየትን ስለከለከለ ሙሉ ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው ደም ግፊት አለብህ ወይ ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። «ይህ ዋጋ ዛሬ ማታ ያበቃል» ማለትም ሐሰት ነው፤ የማርኬትፕሌስ ዋጋ ለዓመቱ የተወሰነ ስለሆነ ለሻጩ ስሜት አይወርድም አይወጣም። የተጠቀሰው ኩባንያ ትልቅ ስም ያለው ከሆነ ስልኩን ዘግቶ ቁጥሩን ከኩባንያው ድረ ገጽ ፈልጎ ራስ መደወል፣ ከዚያም የሐኪሙን ቢሮ «ይህን ኢንሹራንስ ትቀበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ገዝቶ የቆየ ሰው መጀመሪያ ወደ ባንኩ ሄዶ ወርሃዊውን ክፍያ ያስቁም፣ የሄደውንም ይሟገት። እዚህ ላይ የሚያሳዝን ነገር አለ። በቀን የተወሰነ ብር የሚከፍለው ካርድ በሕግ ሙሉ ኢንሹራንስ ስላልሆነ፣ እሱን ማጣት ብቻውን ለልዩ ምዝገባ በር አይከፍትም፤ የተታለለው ሰው እስከ ኖቬምበር ሊጠብቅ ይችላል። ሆኖም በወኪል ማሳሳት የተጎዳ ሰው ልዩ ምዝገባ መጠየቅ የሚችልበት አሠራር ስላለ፣ በ1-800-318-2596 ለማርኬትፕሌስ ደውሎ የሆነውን በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል። ሳይፈቅድ የተመዘገበ ሰውም በዚሁ ቁጥር ምዝገባው እንዲሰረዝና የ1095-ኤ ቅጹ እንዲታረም ይጠይቃል። የደወለበትን ቀን፣ ያነጋገረውን ሰው ስምና የተሰጠውን የጉዳይ ቁጥር በማስታወሻ መያዝ በኋላ ከግብር መሥሪያ ቤት ጋር ለሚመጣው ክርክር ይጠቅመዋል። ለስቴቱ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪና ለኤፍቲሲ በ1-877-382-4357 ማሳወቁም ከንቱ አይደለም፤ የሲምፕል ሄልዝን ዓይነት ክስ የሚያስነሳው የተከማቸ አቤቱታ ነው።

ገንዘብ የሚመለስበት ጊዜም አለ። ሲምፕል ሄልዝ ይሸጣቸው የነበሩትን ውሎች ያቀርብ የነበረው ድርጅት፣ ኋላ ቤኔፊት ቴክኖሎጂስ የተባለው፣ በኦገስት 2022 ከኤፍቲሲ ጋር 100 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ፣ በ2024 ከ460 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች ገንዘብ ተልኳል። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር ግን ሌላ ስልክ ይጠራል፤ «ገንዘብህ ወጥቷል፣ ማስለቀቂያ 150 ዶላር ላክ» ይላል። ኤፍቲሲ ገንዘብ ሲመልስ ብዙ ጊዜ ቼክ ይልካል፣ ክፍያ አይጠይቅም፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርም በስልክ አይጠይቅም።